መጀመሪያ ስቲንቷን፦ ከዌሪቢ ኩሬዎች ዳር የተያዘ የሥራ ማስታወሻ

ነሐሴ መጨረሻ

የመግቢያ ፈቃዴ ታድሷል፣ የበሩም ቁልፍ እጄ ገብቷል። የዘንድሮው ሥራ ተጀመረ ማለት ነው።

ቦታው ዌሪቢ ነው፤ ከሜልበርን በስተ ምዕራብ ያለው ትልቁ የፍሳሽ ማጣሪያ። ፍሳሽ ስል ፊቱን የሚያጨማድድ ሰው አይጠፋም። ግን አውስትራሊያ ውስጥ ወፍ ለማየት ከዚህ የሚሻል ቦታ በጣት የሚቆጠር ነው። የመጀመሪያዎቹ ቤቶች ከፍሳሽ መስመሩ ጋር የተገናኙት በ1897 ነው (ዓመቱን በፈረንጅ፣ ወሩን በእኛ ነው የምጽፈው)። ዛሬ የከተማዋ ግማሽ ያህል ፍሳሽ እዚህ ይጣራል። ግቢው ከ10 ሺህ ሄክታር በላይ ነው። ውሃው ከኩሬ ወደ ኩሬ ሲተላለፍ ትሉና ነፍሳቱ ይፈላሉ፣ እነሱ ደግሞ ወፉን ይጠራሉ። ከ280 በላይ የወፍ ዓይነት ተመዝግቦበታል። ዳርቻው ከ1982 ጀምሮ በራምሳር ስምምነት ዓለም አቀፍ ዕውቅና ያለው ረግረግ ነው።

ዘንድሮ ያየሁትን የወፍ ዝርዝር ማስረዘም አልፈልግም። እዚህ የሚመጣ ሰው ዓይኑ ቶሎ የሚሄደው ወደ ትልልቆቹ ነው፦ ጥቁሩ ስዋን፣ ፔሊካኑ፣ የዳክዬውን መንጋ ከላይ የሚያስበረግገው ጭልፊት። ጭቃው ላይ የሚርመሰመሱትን ትንንሽ ቡናማ ወፎች ብዙው ሰው «በኋላ» እያለ ያልፋቸዋል፤ ሁሉም አንድ ይመስላላ። እነሱ ናቸው የዘንድሮ ሥራዬ። ከሚመጡበት ቀን እስከሚሄዱበት ቀን መከተል፣ ለይቶ ማወቅ፣ መቁጠር፣ መመዝገብ።

ዘዴው ቀላል ነው። አንድ የአገሬው ሽማግሌ፣ ዕድሜውን እዚህ ኩሬ ዳር ፈጀው ማለት ይቻላል፣ አምና እንዲህ ብሎ መከረኝ፦ መጀመሪያ ስቲንቷን እወቅ፣ ሌላውን ሁሉ በእሷ ለካ። ሙሉ ስሟ ሬድ-ኔክድ ስቲንት ነው። ከእነዚህ ሁሉ ትንሿም፣ በብዛት የምትገኘውም እሷ ናት። ስለዚህ በየመንጋው መሃል መለኪያው አለ። እሷን በፊትም በጀርባም፣ በፀሐይም በደመናም ለይተህ ካወቅክ፣ የተለየ ነገር ሲመጣ ዓይንህ ራሱ ያቆምሃል።

ዕቃዬ ይሄ ነው፦ 8 በ42 ባይኖኩላር፣ ያገለገለ ስኮፕ (የሩቁን በጣም የሚያቀርብ ባለ አንድ ዓይን መነጽር) ከነትራይፖዱ፣ ደብተር፣ ስልኬ ላይ ደግሞ ኢበርድ፣ የታየ ወፍ የሚመዘገብበት መተግበሪያ። አዲስ የጨመርኩት ከአሮጌ ጂንስ እግር የሰፋሁት ከረጢት ነው። ደረቅ አተር ሞልቼበታለሁ። የመኪናው መስኮት ላይ ጣል አድርጌ ስኮፑን አሳርፍበታለሁ። ምክንያቱም እዚህ ጥሩው መደበቂያ መኪናው ራሱ ነው። ወፎቹ መኪና ለምደዋል፤ በር ከፍተህ አንድ እግርህ መሬት ሲነካ ግን መንጋው በሙሉ ብድግ ይላል። በተነሳ ቁጥር ደግሞ በስንት መከራ ያጠራቀመው ስብ ይቃጠላል። ከመኪና አልወርድም፤ መውረድ ካለብኝም ከሩቅ ነው።

መስከረም፣ የመጀመሪያው ሳምንት

መጥተዋል!

ከሳይቤሪያ ጫፍ፣ አርክቲክ ላይ ካለው ዛፍ አልባ ሜዳ ተነስተው 12 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው ነው እዚህ የሚደርሱት። አንዷ ስቲንት የምትመዝነው 30 ግራም ያህል ነው። ቁጥሩን ከዚህ በፊት አንብቤዋለሁ። እሷን ስኮፕ ውስጥ እያየሁ ሳስበው ግን ሌላ ነገር ነው።

እዚህም መስከረም የጸደይ መግቢያ ነው። ከብርዱ ወጥተን፣ እንቁጣጣሽ ብለን፣ ሜዳው ሁሉ ቢጫ ለብሶ ሲታይ አገር ቤት ያለን ይመስለናል። አበባው አደይ ሳይሆን ከደቡብ አፍሪካ የመጣ ኬፕዊድ የሚባል አረም ነው፤ ቢሆንም ዓይን ይሞላል። ስለዚህ የእኔ አዲስ ዓመት ከስቲንቶቹ መምጫ ጋር ገጠመ፤ ደስ ብሎኛል፣ እንዲህ ያለ አጋጣሚ በየቦታው አይገኝም።

ዛሬ አንዷን ብቻ መርጬ ለረጅም ሰዓት ተከተልኩ። ቁመቷ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። መንቆሯ አጭር፣ ቀጥ ያለ፣ ጥቁር። እግሯም ጥቁር። ጀርባዋ ግራጫ ቡናማ፣ ሆዷ ነጭ። አንገቷ ላይ የደበዘዘ የጡብ ቀለም ቀርቷል፤ ሰሜን ላይ ስትራባ የለበሰችው ላባ ቅሪት ነው፣ ሰንበትበት ሲል ይጠፋል። ከሁሉ በላይ የሚያስለያት ግን አበላሏ ነው። እንደ ልብስ ስፌት መኪና መርፌ ታክ ታክ ታክ እያለች ጭቃውን ትወጋለች፣ ጥቂት እርምጃ ትሮጣለች፣ እንደገና ትወጋለች። ቀና የምትለው የጭልፊት ጥላ ሲያልፍ ብቻ ነው። ደብተሬ ላይ ከቀለሟ በፊት ይህንን ጻፍኩ፦ አጎንብሳ፣ ፈጣን፣ ላይ ላዩን።

ቀለም ላይ ብዙ እምነት የለኝም። ከወር ወር ይለወጣል፣ ብርሃኑ ዞር ሲል ይለወጣል፣ ጭቃ ሲነካው ይለወጣል። አበላልና አቋም ግን ክረምት ከበጋ ያው ነው። ለጀማሪ አንድ ነገር ብቻ ምከር ብባል ይህንን ነው የምለው።

ጥቅምት

ኩሬዎቹ ዳሩ ላይ ያሉበት የፖርት ፊሊፕ ባሕረ ሰላጤ ውሃ ብዙ ከፍና ዝቅ አይልም፤ ልዩነቱ አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም። ነገር ግን ጭቃው ዝርግ ስለሆነ ውሃው ትንሽ ከፍ ሲል ሰፊ ቦታ ይሸፍናል። ያኔ ወፎቹ ከባሕሩ ዳር ተነስተው ወደ ውስጥ ኩሬዎቹ ይገባሉ፣ መንገዱ አጠገብ ማለት ነው። ስለዚህ ሰዓቴን የማወጣው በባሕሩ ነው። ከሙላቱ ሁለት ሰዓት ያህል ቀደም ብዬ እደርሳለሁ፣ ሞተር አጠፋለሁ፣ እጠብቃለሁ። እነሱ ናቸው ወደ እኔ የሚመጡት።

ዛሬ ቲ ሴክሽን በሚባለው በኩል ሦስቱን ዓይነት አንድ ኩሬ ላይ አገኘኋቸው። መለኪያዋ ስቲንት እዚያው ናት። ከእሷ ጎን ወፈር፣ ከፍ ብላ የምትራመደው ሻርፕ-ቴይልድ ሳንድፓይፐር ናት። አናቷ ላይ የዝገት ቀለም ያለው ቆብ፣ ደረቷ ላይ የተዥጎረጎረ መስመር፣ እግሯ ወደ ቢጫ የሚያደላ አረንጓዴ። እሷ አትቸኩልም። ሣሩና ጭቃው የሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ረጋ ብላ ትለቅማለች።

ሦስተኛዋ ከርሉ ሳንድፓይፐር ናት፤ እውነቱን ለመናገር ከሁሉም እሷን ነው የምወደው። አንገቷም እግሯም መዘዝ ያለ ነው። መንቆሯ ረጅም ሆኖ ወደ ታች ይጎብጣል። ውሃው ውስጥ ሆዷ እስኪነካ ትገባና ጭንቅላቷን በሙሉ ትነክራለች፤ ስትወጣ ጉንጯ ላይ ጭቃ አለ፣ መንቆሯ ጫፍ ላይ ቀጭን ትል ይወራጫል፣ አንዴ ሳብ ታደርገውና የለም። ስትበር ከጅራቷ በላይ ያለው ነጭ ቦታ ቦግ ይላል። አውስትራሊያ ይህችን ወፍ በ2015 ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ዝርያዎች ተርታ መዝግባታለች። እዚህ አሁንም በመንጋ ትታያለች፤ ሽማግሌው ግን ያኔ የነበረው መንጋና የአሁኑ አይገናኝም ይላል።

ጥቅምት መጨረሻ

ልጄን ይዣት ሄድኩ። አጭር ትዕግሥት ባለው ዕድሜ ላይ ናት፣ ስለዚህ ከድሮው ዳቦ ቆሎ በርከት አድርጌ ያዝኩ።

መጀመሪያ ስኮፑን አየችና «አባዬ፣ እነዚህ ሁሉ እኮ አንድ ናቸው» አለችኝ።

«ቀለማቸውን ተዪው የኔ እናት። እንዴት እንደሚበሉ እዪ።»

ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ፦ «ያቺ ጭንቅላቷን ትነክራለች። እነዚያ አይነክሩም።»

ከርሉ ሳንድፓይፐሯ ናት። ስሟን ሳልነግራት አወጣቻት። ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት የፒንክ-ኢርድ ደክ ሆነ፤ ጎኗ እንደ ሜዳ አህያ የተዥጎረጎረ ዳክዬ፣ ከዓይኗ ኋላ ነጥብ የምታክል ሮዝ ላባ አለቻት፣ ነጥቧን ለማየት ስኮፕ ያስፈልጋል። ጥንድ ጥንድ ሆነው አንዷ የሌላዋን ጭራ ተከትላ ውሃው ላይ ክብ ይሠራሉ፤ አዙሪቱ ከታች ያለውን ምግብ ወደ ላይ ያወጣላቸዋል። ልጄ ይህንን ስታይ ዳቦ ቆሎውን ረሳችው።

ኅዳር

አሁን ወጣቶቹ እየገቡ ነው። ይህ ነገር ባወቅኩት ቁጥር ይገርመኛል። ትልልቆቹ ሰሜን ላይ ከፈለፈሉ በኋላ ጫጩቶቻቸውን ትተው ቀድመው ይነሳሉ። የከርሉ ሳንድፓይፐር ወንዶቹማ እንቁላል ላይ ስለማይቀመጡ ከሁሉም በፊት ይሄዳሉ። የዘንድሮ ልጆች ከሳምንታት በኋላ ብቻቸውን ይከተላሉ። መንገድ የሚያሳያቸው ወላጅ የለም። አይተውት የማያውቁትን አገር ፈልገው ያገኙታል።

ባር-ቴይልድ ጎድዊት የምትባለዋ ዘመዳቸው ደግሞ ለጉድ ናት። በ2022 የአምስት ወር ልጅ የሆነች አንዲት ጎድዊት አስተላላፊ መሣሪያ ተገጥሞላት ከአላስካ ተነሳች። በ11 ቀን 13,560 ኪሎ ሜትር በርራ ታስማኒያ አረፈች። ውሃ ላይ አላረፈችም፣ አልበላችም፣ አልጠጣችም።

ወጣቶቹን የምለየው በጀርባቸው ላባ ነው፤ አዲስና ያልተበላ ነው፣ ጠርዙ ፈዘዝ ባለ ቀለም ስለተከፈፈ ቅርፊት ቅርፊት ይመስላል። የትልልቆቹ ተበልቷል። ዘንድሮ ወጣቱ ስንት ነው የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም። ሰሜን ላይ ሌሚንግ የሚባሉ አይጥ መሰል እንስሳት በበዙበት ዓመት ቀበሮዎቹ እነሱን በልተው ይጠግባሉ፣ ጫጩቶቹ ይተርፋሉ። ሌሚንጉ ሲጠፋ ቀበሮው ወደ ጎጆው ይዞራል። ስለዚህ ሳይቤሪያ ላይ አይጡ በዝቶ እንደሆነ ከወራት በኋላ እዚህ ሜልበርን ጭቃ ላይ ይታወቃል። የቪክቶሪያ (ሜልበርን ያለችበት ግዛት) የዌደር፣ ማለትም የጭቃ ወፍ፣ ጥናት ቡድን በጎ ፈቃደኞች በየዓመቱ ወፎቹን በመረብ ይዘው የወጣቶቹን ድርሻ የሚመዘግቡት ለዚህ ነው። በኢበርድ ላይ የማስገባው የእኔ ቁጥር ከዚህ አንጻር ትንሽ ነው፤ ግን ወጣትና ትልቅ ለይቼ ነው የምጽፈው።

ኅዳር መጨረሻ

ዛሬ ባንዲራ ያላት አገኘሁ!

ባንዲራ የምንለው እግሯ ላይ የሚታሰር ትንሽ የፕላስቲክ ቁራጭ ነው። ቀለሙ የተያዘችበትን አገር ይናገራል። ብርቱካናማ ቪክቶሪያ ነው፣ ቢጫ ሰሜን ምዕራብ አውስትራሊያ፣ አረንጓዴ ኩዊንስላንድ፣ ነጭ ኒውዚላንድ፤ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ከመጣ ደግሞ ሻንጋይ አጠገብ ካለው ቾንግሚንግ ደሴት ነው። የእኔዋ ስቲንት ብርቱካናማ ናት። ፊደል ተቀርጾበታል። ፊደሉን ማንበብ ነው ችግሩ፤ ስቲንት አንድ ቦታ አትቆምም፣ እግሯ ጭቃ ውስጥ ነው፣ ምዕራቡ ነፋስ መኪናውን ያወዛውዛል። የአተሩ ከረጢት የዛሬን ያህል ጠቅሞኝ አያውቅም። ስልኬን ስኮፑ ዓይን ላይ ደግኜ ቪዲዮ ቀረጽኩ፣ ቤት ገብቼ ምስል በምስል እያቆምኩ አነበብኩት።

ለጥናት ቡድኑ ላክሁ። መልሱ መጣ፦ ከዓመታት በፊት፣ ትልቅ ወፍ ሆና፣ እዚሁ ዌሪቢ ነው የተያዘችው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ሄዳ ተመልሳለች ማለት ነው። ይህንን መሬት ዙሪያ ከአንዴ በላይ የሚያስኬድ መንገድ ተጉዛ፣ ባጠቃላይ የሰው መዳፍ የማይሞላ አካል ይዛ፣ የምትመለሰው ወደዚያው ኩሬ ነው። ደብተሬ ላይ ሙሉ ገጽ ሰጥቻታለሁ።

ታኅሣሥ

ወንድሜ ዝዋይ ነው የሚኖረው። ስልክ ስንደዋወል ስለ ከርሉ ሳንድፓይፐር ነገርኩት። እሷ ከሳይቤሪያ ስትነሳ ሁሉም ወደ አውስትራሊያ አይመጣም፤ ሌላው ወገን ወደ አፍሪካ ይወርዳል፣ በእኛ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች በኩል ያልፋል። አንድ ሜዳ ላይ የተፈለፈሉ ወፎች ግማሹ አብጃታ፣ ግማሹ ዌሪቢ። ይህንን ካወቅኩ ወዲህ ሁለቱን ቦታ ለያይቼ ማሰብ አልቻልኩም።

«ሐይቁ ዳር ውረድና ጭቃው ላይ ያለውን አንሳልኝ» አልኩት።

በማግስቱ ፎቶ መጣ። ሁሉም አባ ኮዳ! ዓሣ የሚጸዳበት ቦታ ላይ እንደ ሽማግሌ የቆሙ አባ ኮዳዎች፣ ከኋላ ፔሊካን።

«ወንድምዬ፣ ትንንሾቹን ነው ያልኩህ።»

«አንተ ደግሞ! ይሄን የሚያህል ወፍ እያለ ድምቢጥ የምታክል ትፈልጋለህ?»

ግን ሄደ። ቀጣዩ ፎቶ ከሩቅ ነው፣ ጥራቱም ደካማ ነው፣ ሆኖም ረጅም አንገት ያላቸው ሩፍ የሚባሉት መንገደኞችና እግራቸው ሥር የሚሯሯጡ ትንንሾች ይታያሉ። ትንንሾቹ ሊትል ስቲንት ናቸው፣ የእኔዋ ስቲንት የቅርብ ዘመድ፤ በዚያ መስመር ወደ አፍሪካ የምትወርደው እሷ ናት። እንዳየኋት አወቅኳት፦ አጎንብሳ፣ ላይ ላዩን። ከርሉ ሳንድፓይፐሯን ገና አላገኛትም። ይፈልጋታል።

ጥር

ሙቀት። ዝንብ። የሰሜን ነፋስ ሲነሳ ከምድረ በዳው አቧራ ይዞ ይመጣል፣ ከመሬቱ የሚነሳው ወላፈን ስኮፑ ውስጥ ሁሉን ነገር ያንቀጠቅጠዋል። ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ መለየት አይቻልም። በንጋት ገብቼ በጊዜ እወጣለሁ። ሣር ውስጥ ደግሞ ታይገር እባብ አለ፣ መርዘኛ ነው፤ ከመኪና ላለመውረድ ሌላ ጥሩ ምክንያት። ወፎቹ ግራጫቸውን ለብሰዋል፣ ይበላሉ፣ ላባ ይቀይራሉ። ብዙ የሚጻፍ የለም።

የካቲት መጨረሻ

ቀለሙ እየተመለሰ ነው። ከርሉ ሳንድፓይፐሮቹ ደረት ላይ የጡብ ቀለም ነጠብጣብ ጀምሯል። ስቲንቶቹ አንገት ላይም እንዲሁ። ሰውነታቸውም ተለውጧል፤ ሆዳቸው ሞልቶ ክብ ሆኗል። አሁን ከእንግዲህ ቀኑን ሙሉ መብላት ነው ሥራቸው፣ ስብ ነው ስንቃቸው። ከዚህ ወር ጀምሮ እኔ በበኩሌ ርቀቴን ጨምሬያለሁ። ውሻ ይዞ ባሕር ዳር የሚሮጥ ሰው መንጋ ሲያስበረግግ ሳይ ድሮም አይጥመኝም ነበር፤ አሁን ያመኛል። ክፋት የለበትም፣ ስለማያውቅ ነው። ስለዚህ ቆም ብዬ አሳየዋለሁ። በስኮፑ አንዴ ካየ ውሻውን በራሱ ፈቃድ ያስራል፤ እስካሁን እምቢ ያለኝ የለም።

መጋቢት መጨረሻ፣ ብሩም

ከሥራ ፈቃድ ወስጄ፣ በፐርዝ በኩል በርሬ፣ ብሩም ገባሁ። የአገሪቱ ሌላኛው ጫፍ ነው፣ የያውሩ ሕዝብ ምድር። አፈሩ ቀይ፣ ባሕሩ ቱርኩዋዝ፣ ሙቀቱ እርጥብ። የመጣሁት ለአንድ ነገር ነው፤ ሲነሱ ለማየት።

የሮበክ ቤይ ውሃ የፖርት ፊሊፕ ዓይነት አይደለም። ከፍታና ዝቅታው እስከ 10 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ሲሸሽ ባሕሩ ከዓይን ይጠፋል፣ ኪሎ ሜትሮች የሚሸፍን ጭቃ ይገለጣል። ሲመለስ በፍጥነት ነው። ያን ሁሉ ጭቃ የሚጠቀሙ ወፎች ናቸው እዚህ የሚሰበሰቡት፤ ከዚህ ወደ ደቡብ ደግሞ ስሙ ኤይቲ ማይል የሚባለው፣ ርዝመቱ ግን 220 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነው የባሕር ዳርቻ አለ፣ እሱም በእነሱ ይሞላል። ከ1988 ጀምሮ እዚህ የወፍ መመልከቻ ጣቢያ አለ። ያረፍኩት እዚያ ነው።

ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ገደሉ አፋፍ ላይ ወንበር ዘርግተን ተቀመጥን። ከታች ግሬት ኖት የሚባሉት የጭቃ ወፎችና ባር-ቴይልድ ጎድዊት ተቀላቅለው ቆመዋል። አብዛኞቹ ይበላሉ፣ ያንቀላፋሉ። አንድ ወገን ግን አይበላም። ክንፋቸውን ያጥባሉ፣ ላባ ያስተካክላሉ፣ ይጠራራሉ። ቀድመው የመጡ ሰዎች «እነዚያን ተመልከት» አሉኝ። የሚነሱት ቡድን ከሚቀረው የሚለየው በድምፁ ነው፤ እየፈጠነ፣ እየከረረ ይሄዳል፣ ከሩቅም ይሰማል። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ብድግ አሉ። መጀመሪያ ዝርክርክ ያለ ክምር ናቸው። ባሕሩ ላይ ከፍ እያሉ፣ ቦታ እየተቀያየሩ፣ ቀስ በቀስ የቀስት ጫፍ ቅርጽ ያዙ። ጥቂቶች ሐሳባቸውን ቀይረው ተመለሱና ጭቃው ላይ አረፉ፤ ገና ስንቃቸው አልሞላም። የቀሩት ወደ ሰሜን ቀጠሉ። ስኮፑ ውስጥ ነጥብ እስኪሆኑ ቆጠርኳቸው። የጣቢያው ሰዎች ሰዓቱን፣ ዓይነቱን፣ ብዛቱን፣ አቅጣጫውን ይመዘግባሉ፤ እኔም አንዱን መዝገብ ያዝኩ።

ሊነሱ ሲሉ ሰውነታቸው ውስጥ የሚሆነው ነገር ከበረራው እኩል ያስደንቃል። ስቡና የክንፍ ጡንቻው ያድጋል፣ ለጉዞው የማያስፈልገው ሆድ ዕቃ ደግሞ ይሸበሸባል። ሲደርሱ እንደገና ያሳድጉታል። የሚደርሱት የት ነው ካላችሁ፣ ቢጫ ባሕር፣ በቻይናና በኮሪያ መሃል። ከ5 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ሳያርፉ።

ሚያዝያ

ሜልበርን ተመልሻለሁ። ዌሪቢ ባዶ አይደለም፣ ግን ጸጥ ብሏል።

ቢጫ ባሕርን ነገር መጻፍ አለብኝ፤ ያለ እሱ የዘንድሮው ማስታወሻ ጎደሎ ነው። ወፎቹ ከዚህ ሲነሱ ስንቃቸው የሚያደርሳቸው እዚያ ድረስ ነው። እዚያ ጭቃ ከሌለ ሳይቤሪያ የለም። በግማሽ ምዕተ ዓመት ውስጥ ከዚያ ጭቃ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ በግንብ ታጥሮ፣ በአፈር ተሞልቶ ፋብሪካና እርሻ ሆኗል። ኮሪያ ውስጥ ሴማንጉም የተባለውን ቦታ 33 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ግንብ በ2006 ዘጋው። ግሬት ኖቶች በብዛት የሚያርፉበት ቦታ ነበር። ያኔ «ሌላ ቦታ ይሄዳሉ» የሚሉ ነበሩ። አልሄዱም፤ ብሩም ላይ ሲቆጠሩ ቁጥራቸው አሽቆለቆለ። የዓለም ትልቋ የጭቃ ወፍ ፋር ኢስተርን ከርሉም በዚያው መስመር ነው የምትጎዳው። ከርሉ ሳንድፓይፐር በተመዘገበችበት በ2015 እሷም ተመዝግባለች።

መልካምም ነገር አለ፣ ሊነገር ይገባል። ቻይና በ2018 አብዛኛውን ባሕር የመሙላት ሥራ አገደች። በ2019 ከዳርቻው የተወሰነው የዓለም ቅርስ ሆነ፣ በ2024 ተጨመረበት። የኮሪያ ጭቃማ ዳርቻዎችም በ2021 ተመዘገቡ። እዚህም ጣት የምንቀስረው ወደ ሌላ ብቻ አይደለም። ኩዊንስላንድ ሞርተን ቤይ ውስጥ ቱንዳ ሃርበር የሚባል ቦታ አለ፤ ረግረጉ ላይ አፓርታማና መርከብ ማቆሚያ ሊሠራበት ነበር። የፌዴራል ሚኒስትሯ ልትከለክል እንዳሰበች ካሳወቀች በኋላ በ2024 ዕቅዱ ተነሳ። ለዓመታት ደብዳቤ የጻፉ፣ ወፍ የቆጠሩ ተራ ሰዎች ናቸው ያን ያስገኙት። የተቆጠረ ወፍ ማስረጃ ነው፤ ያልተቆጠረውን ማን ይጠብቅለታል?

ሰኔ

ብርድ። ስቲንቶች ግን አሉ። ትልልቆቹ ሳይቤሪያ ላይ እንቁላል ላይ ተቀምጠዋል፤ እዚህ የቀሩት ባለፈው ኅዳር የመጡት ወጣቶች ናቸው። በመጀመሪያው ዓመታቸው ወደ ሰሜን አይመለሱም። ቅርፊት ቅርፊት የሚመስለውን የኅዳሩን ላባቸውን ጥለው ግራጫ ሆነዋል። ኩሬው ዳር ተጠጋግተው፣ አንድ እግራቸውን ሆዳቸው ሥር ከተው፣ ከነፋሱ ፊት ለፊት ቆመዋል። በመልክ መለየት ቀላል አልነበረም፤ ግን በዚህ ወር እዚህ መገኘታቸው ራሱ ዕድሜያቸውን ይነግራል።

በዚሁ ወር በጎ ፈቃደኞች ጨዋማውን ረግረግ የሚያስሱት ለኦሬንጅ-ቤሊድ ፓሮት ነው። ከታስማኒያ ደቡብ ምዕራብ፣ ሜላሉካ ከሚባል ቦታ ባሕር ተሻግራ እዚህ የምትከርም ትንሽ አረንጓዴ በቀቀን ናት። በ2016 ለመራባት ወደዚያ የተመለሱት የዱር ወፎች 20 አይሞሉም ነበር። በማዕከል እያራቡ መልቀቁ ቁጥሯን ከፍ አድርጎታል። አብሬ ወጣሁ። ተራ በተራ ተሰልፈን፣ ቁጥቋጦውን እየቃኘን፣ ኮፍያችን ላይ ዝናብ እየወረደ። አላገኘናትም። «አልተገኘችም» የሚለውም ይመዘገባል፣ የተፈለገበት ቦታና ሰዓት ጋር።

ሐምሌ

የከርሞ ዕቅድ። የከረጢቱን አተር ቀይሬያለሁ፣ እርጥበት ገብቶበት ነበር። ለስልኩ ማሰሪያ ገዝቻለሁ፣ ባንዲራ ለማንበብ በእጅ መያዝ አድካሚ ነው። ከምዕራብ ሜልበርን የእኛ ልጆች መምጣት የሚፈልግ ካለ ወንበር አለኝ፤ ኮፍያ፣ ውሃ፣ ነፋስ የሚከላከል ጃኬት ይያዝ፣ ባይኖኩላር ከእኔ ነው።

አሮጌውን ባይኖኩላሬን ለወንድሜ እልክለታለሁ፣ ለፍልሰታ የሚሄድ ሰው ተገኝቷል። ኢበርድ በየዓመቱ በፈረንጆቹ ኦክቶበር የዓለም የቆጠራ ቀን አለው። በዚያን ቀን እሱ ዝዋይ፣ እኔና ልጄ ዌሪቢ ልንቆጥር ተስማምተናል። አባ ኮዳ ቢቆጠርም ግድ የለኝም ብዬዋለሁ፣ ከርሉ ሳንድፓይፐሯን ግን ቀድሞ ይፈልግልኝ።